ሁለት ባለ 10 ኢንች ዉፈር በአንድ ሳጥን፦ ጎን ለጎን፣ ጀርባ ለጀርባ ወይስ ፊት ለፊት ተጋጥመው?

ባለ10_ኢንች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት አንድ ዓይነት ባለ 10 ኢንች ዉፈር (የቤዝ ስፒከር) አሉኝ። ወረቀታቸው ላይ ያለው ይህ ነው፦ 8 ኦም፣ ኤፍኤስ (ዉፈሩ በራሱ የሚርገበገብበት) 30 ሄርዝ፣ ኪውቲኤስ (የዉፈሩ መወዛወዝ የሚገታበት ልክ) 0.42፣ ቪኤኤስ (ከተንጠልጣዩ እኩል የሚለጠጥ አየር) 70 ሊትር፣ ኤክስማክስ (ኮኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ሳይዛባ የሚሄድበት) 6 ሚሜ፣ የኮን ስፋት 340 ካሬ ሴሜ። አምፑ በ8 ኦም 100 ዋት፣ በ4 ኦም 160 ዋት ይሰጣል፤ ከ4 ኦም በታች ክልክል ነው። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከ100 ሄርዝ በላይ ያለውን ሌሎች ስፒከሮች ይይዙታል። ሁለቱን ፊት ላይ ጎን ለጎን ልደርድራቸው፣ ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ ላድርጋቸው፣ ወይስ አይሶባሪክ የሚሉትን ፊት ለፊት ገጥሜ በትንሽ ሳጥን ልገላገል? እንጨት ቤቱ ልኬት እየጠበቀ ነው፣ በቁጥር ብትነግሩኝ።

ኦም_ሜትር፦
ከ100 ሄርዝ በታች ብቻ ከሆነ የምትጠቀምባቸው፣ ፊት ላይ ይሁኑ ጎን ላይ በጆሮ አትለየውም። በ100 ሄርዝ የድምፅ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ነው፣ በ40 ሄርዝ ደግሞ 8.6 ሜትር። በሁለቱ ዉፈሮች መካከል ያለው 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ከዚህ አንጻር ከቁም ነገር አይገባም፤ ሁለቱ እንደ አንድ ትልቅ ዉፈር ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አቀማመጡን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የሳጥኑ ሊትር፣ የሽቦው አገናኝ፣ የሳጥኑ መንቀጥቀጥ፣ እና ቤትህ ውስጥ ያለህ ቦታ።

ሊትሩ እንዲህ ይወጣል። ለዝግ ሳጥን የመጨረሻው ኪው (ዉፈሩ ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚገታበት ልክ) 0.707 እንዲሆን ከፈለግህ፣ 0.707ን ለኪውቲኤሱ ለ0.42 ታካፍላለህ፣ ውጤቱን በራሱ ታባዛለህ፣ 1 ትቀንሳለህ፤ 1.83 ይመጣል። ቪኤኤሱን 70 ሊትር ለ1.83 ስታካፍል 38 ሊትር፤ ይህ ለአንዱ ነው። ለሁለቱ 76። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፦ ለአንድ ዉፈር የተሠራ ሳጥን ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ ከፍቶ ሌላ ዉፈር ይጨምራል። ያኔ ሁለቱ አንዱን አየር ይሻሙና ኪው ወደ 0.9 ይወጣል፣ ቤዙ ከ60 ሄርዝ በላይ እብጥ ይልና ከዚያ በታች ቶሎ ይሞታል። "ዉፈር ጨመርኩ ግን ቤዙ ቀነሰ" የሚባለው ቅሬታ አብዛኛው ምንጩ ይሄ ነው።

አገናኙን በተመለከተ፣ ሁለቱን ባለ 8 ኦም በፓራለል (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ብታገናኝ 4 ኦም ይሆናል፣ አምፕህ ይችለዋል። አምፑ በሚሰጠው በዚያው ቮልት ከአንድ ዉፈር 6 ዴሲቤል ይጨምርልሃል፦ 3ቱ አምፑ እጥፍ ዋት ስለሚሰጥ፣ 3ቱ ሁለቱ ኮኖች አየሩን አብረው ስለሚገፉ። በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትለህ) ከሆነ 16 ኦም፤ ድምፁ ልክ አንድ ዉፈር እንደሚያወጣው ይሆናል፣ የእያንዳንዱ ኮን ጉዞ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ላንተ ፓራለል ነው።

ሰላም_ኤሌክትሮ፦
@ኦም_ሜትር ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን የባሕር ወለል ስሌት ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ቪኤኤስ ማለት ከዉፈሩ ተንጠልጣይ እኩል የሚለጠጥ የአየር መጠን ነው፣ የአየር ግትርነት ደግሞ በቀጥታ ከግፊት ጋር ይሄዳል፤ ግፊት ሲቀንስ አየሩ ይላላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው 70 ሊትር እዚህ 53 ሊትር ያህል ነው። 53ን ለ1.83 ብታካፍለው 29 ሊትር ለአንዱ፣ ለሁለቱ 58።

76 ቢሠራ ይበላሻል ማለቴ አይደለም። በዚያ ሳጥን ኪው 0.65 ይሆንና ሬዞናንሱ (ዉፈሩ ሳጥን ውስጥ በራሱ የሚርገበገብበት) 46 ሄርዝ ላይ ያርፋል፤ በ58 ሊትር ኪው 0.707፣ ሬዞናንሱ 50.5። በ3 ዴሲቤል የሚወርድበት ቦታ በሁለቱም 50 እና 51 ሄርዝ አካባቢ ነው። ትርፉ 18 ሊትር ባዶ እንጨት ብቻ ነው። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ግን 18 ሊትር ቀላል አይደለም።

ለሌሎች ከተሞች ቪኤኤሱ የሚባዛበት ቁጥር በግምት ባሕር ዳር 0.80፣ አዳማ 0.81፣ ድሬዳዋ 0.86 ነው። ኤፍኤስ በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ኮኑ ላይ የሚጫነው አየር ቀሎታል፤ በዚህ ዉፈር ግማሽ ሄርዝም አይሞላም፣ እርሱት።

ሜሪላንድ_ጋራዥ፦
እኔ ያለሁበት የባሕር ወለል ስለሆነ ይሄ ነገር አያጋጥመኝም፤ እህቴ፣ አንድ ነገር ግን ግልጽ አድርጊልኝ። ሳጥኑ ቱቦ ያለው ቢሆን የቱቦው ርዝመትም በ0.75 ይባዛል? እዚህ የሚሸጡትን የሳጥን ፕላኖች ለአገር ቤት ሰዎች የሚልኩ አሉና።

ሰላም_ኤሌክትሮ፦
አይባዛም። የቱቦ ቅኝት የሚወሰነው በድምፅ ፍጥነት፣ በቱቦው ስፋትና ርዝመት፣ በሳጥኑ ሊትር ነው። ግፊት ሲቀንስ የአየሩ ግትርነትም የአየሩ ክብደትም እኩል ስለሚቀንሱ የድምፅ ፍጥነት አይለወጥም፤ ፍጥነቱን የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት ነው። በ28 ሄርዝ የተቃኘ 100 ሊትር ሳጥን ሜሪላንድም አዲስ አበባም 28 ሄርዝ ነው። የሚለወጠው ለዚያ ዉፈር የሚስማማው ሊትር ነው፤ ሊትሩን ስታሳንስ ደግሞ ቱቦውን ለአዲሱ ሊትር እንደገና ማስላት አለብህ። ፕላኑን እንዳለ መላክ ሳጥኑን አያበላሽም፣ ግን ቤዙ ከታሰበው ትንሽ ቀድሞ መውረድ ይጀምራል።

ሌላው፣ በከፍታ ላይ ማንኛውም ስፒከር በዚያው ዋት የሚያወጣው የድምፅ ኃይል ከ1 ዴሲቤል ትንሽ በላይ ያንሳል፤ ቀጭኑ አየር ቮይስ ኮይሉንም (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል) እንደልብ አያበርደውም። ዋቱን እስከ ጫፍ የሚገፋ ሰው ይህን ይያዝልኝ።

የሳጥን_አናጢ፦
በ58 ሊትር ተስማምታችኋልና እንጨቱን ልንገርህ። ጀርባ ለጀርባ አድርገው ነው የምልህ፣ ምክንያቱ ደግሞ መንቀጥቀጥ ነው። ይሄን ዓይነት ዉፈር የሚንቀሳቀሰው ክፍሉ 66 ግራም ያህል ይመዝናል። በ40 ሄርዝ 6 ሚሜ ሲሄድ ማግኔቱን ወደኋላ የሚገፋው ኃይል 25 ኒውተን ነው። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ከሆኑ 50 ኒውተን፤ ማለት የ5 ኪሎ ክብደት ያህል ግፊት ሳጥኑን በሰከንድ 40 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይንጠዋል። ቀለል ያለ ሳጥን በሴራሚክ ወለል ላይ የሚራመደው ለዚህ ነው። ጀርባ ለጀርባ ሲሆኑ ሁለቱ ኮኖች እኩል ወደ ውጭ፣ እኩል ወደ ውስጥ ስለሚሄዱ ግፊቱ ሳጥኑ ውስጥ ይጣፋል። ላዩ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ብታስቀምጥ አይፈስም።

ጠቅላላው ሊትር 58 + ሁለቱ ዉፈሮች የሚይዙት 4 + ማጠናከሪያ 2 = 64። የውስጥ ልኬቱ ከዉፈር ዉፈር ስፋት 34፣ ቁመት 44፣ ጥልቀት 43 ሴሜ። ባለ 18 ሚሜ ኤምዲኤፍ ከሆነ ለእንጨት ቤቱ የምትሰጠው፦

ዉፈር የሚገባባቸው ሁለት ጎኖች፦ 47.6 × 46.6
ላይና ታች፣ ሁለት፦ 34 × 46.6
ፊትና ኋላ፣ ሁለት፦ 34 × 44

ከአንድ 122 × 244 ጣውላ ሲሶ ነገር ነው የሚወስድብህ። ዉፈርህ 13 ሴሜ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሁለቱ 26 ይወስዳሉ፣ ጎኖቹ ላይ ከውጭ ስለሚቀመጡ በማግኔቶቹ መካከል ከ8 ሴሜ በላይ ይቀርሃል። ማግኔቱ መሃል ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ካለው ከ5 ሴሜ በታች እንዳታወርደው፣ አየሩ ሲታፈን ፉጨት ያወጣል። የዉፈሩን ቀዳዳ ከወረቀቱ ሳይሆን ከዕቃው ላይ ለካ፤ ባለ 10 የሚባለው አብዛኛው 23 ሴሜ አካባቢ ይፈልጋል፣ ግን እስከ 1 ሴሜ ይለያያል።

ለማጠናከሪያ 4 × 4 ሞራሌ አራት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 34 ሴሜ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን። ሁለቱ ከዉፈሮቹ ወደ ሳጥኑ ፊት በኩል፣ ሁለቱ ወደ ሳጥኑ ኋላ በኩል፤ ልክ መሃል ለመሃል ሳይሆን ትንሽ ወደ አንድ ወገን አዛባቸው፤ ያኔ ጣውላው ሁለት እኩል ቦታ ተከፍሎ በአንድ ድምፅ አይጮህም።

ቺፑድ አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። ይሆናል፣ ርካሽም ነው፣ ግን ጠርዙ ብሎን አይይዝም፣ እርጥበት ካገኘው ያብጣል። ከሆነም ዉፈሩን በእንጨት ብሎን ሳይሆን ከጀርባ በሚመታ ባለ ጥርስ ዳዶና በ5 ሚሜ ብሎን እሰረው። ኤምዲኤፍም ቢሆን ጠርዙን ሳትበሳ ብሎን ብትነዳበት ይሰነጠቃል፤ ለ4 ሚሜ ብሎን 3 ሚሜ ቀዳዳ ቅድሚያ ስጠው፣ በየ15 ሴሜ አንድ። ዋናው የሚይዘው ግን ኮላው ነው። ጠርዙ ኮላ ስለሚጠጣ አንዴ ቀብተህ 10 ደቂቃ ቆይተህ ድገመው። ኤምዲኤፍ ስትቆርጥና በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው።

ባለ10_ኢንች፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግን አይሶባሪኩን ለምን አንድም ሰው አላነሳውም? በግማሽ ሳጥን መውጣቱ ነበር የሳበኝ። ደግሞ ጀርባ ለጀርባ ሲሆኑ የአንዱን ሽቦ መገልበጥ አለብኝ አይደል? ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያዩ።

ኦም_ሜትር፦
የለም! አትገልብጥ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሳጥን የሚበላሸው። ሁለቱም ኮናቸው ወደ ውጭ ከሆነ ሁለቱም ፕላስ በፕላስ፣ ማይነስ በማይነስ። አንዱን ከገለበጥክ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል እንጂ ወደ ክፍሉ አይወጣም፤ ከዚያም በላይ ሁለቱም ማግኔቶች በአንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ሳጥኑ ይደንሳል። የምትገለብጠው አንዱን ዉፈር ማግኔቱን ወደ ውጭ አድርገህ ከሰቀልከው ብቻ ነው። ያኛው አሠራር የራሱ ጥቅም አለው፤ ኮኑ ወደፊት ሲሄድና ወደኋላ ሲሄድ ያለው አለመመጣጠን በሁለቱ መካከል ስለሚጣፋ የተወሰነው መዛባት ይቀንሳል። ግን ማግኔት ሳሎን ውስጥ ተገልጦ ልጆች ሲነካኩት አስበው።

አይሶባሪክን ሃሪ ኦልሰን በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው ነው። ሁለት ዉፈር አንዱን አየር ይዘው እንደ አንድ ዉፈር ይንቀሳቀሳሉ፤ ክብደቱም ጉልበቱም እጥፍ፣ ቪኤኤሱ ግማሽ። ባንተ ሁኔታ 14.5 ሊትር ይበቃዋል። ዋጋው ግን ይህ ነው፦ አየር የሚገፋው ኮን አንድ ብቻ ነው። አምፑ ከሁለቱ እኩል ዋት ይበላል፣ ድምፁ ግን አንድ ዉፈር በዚያው ቮልት ከሚያወጣው አይበልጥም። ከተለመደው ጥንድ ጋር ስታነጻጽረው 6 ዴሲቤል ታጣለህ። ሁለት ዉፈር ገዝቶ የአንዱን ድምፅ መስማት ማለት ነው። ቦታ ጭራሽ ለሌለው ሰው፣ ለምሳሌ መኪና ወንበር ሥር፣ ትርጉም አለው። ላንተ የለውም።

የሚሠራው ሰው ካለ፣ ፊት ለፊት የተጋጠሙ ከሆነ የአንዱ ሽቦ ይገለበጣል፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ከሆነ አይገለበጥም። በመካከላቸው ያለው አየር ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ ለፊት ለፊቱ አንድ የ18 ሚሜ ቀለበት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ላስቲኩ ከፍ ብሎ የወጣ ከሆነ ግን ቀለበቱን አወፍረው።

ሰላም_ኤሌክትሮ፦
ፖላሪቲውን በምልክቱ ብቻ አትመኑ፤ ርካሽ ዉፈሮች ላይ ቀዩ ምልክት አንዳንዴ ሌላኛው እግር ላይ ይገኛል። አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በቂ ነው። የድንጋዩን ፕላስ የዉፈሩ ፕላስ ላይ፣ ማይነሱን ማይነስ ላይ ለቅጽበት አስነኩ። ኮኑ ወደ ውጭ ከዘለለ ምልክቱ ልክ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ በማርከር አርሙት። ሁለቱንም ፈትሹ፣ አንዱን ፈትሾ ሌላውን መገመት አይቻልም።

ከገጠማችሁ በኋላ ደግሞ በቴስተር ተርሚናሉ ላይ ለኩ። ባለ 8 ኦም ዉፈር ብቻውን 6 ኦም አካባቢ ያሳያል፣ ቴስተሩ የሚለካው የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ። ሁለቱ በፓራለል 3 አካባቢ፣ በሲሪስ 12 አካባቢ። 6 ካሳያችሁ በፓራለሉ አንዱ አልተነካም ማለት ነው፣ ስታኞው የያዘ መስሎ ያልያዘ ይሆናል።

ቤዝ_ከመሬት፦
አንድ የተዘለለ ነገር አለ። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለቱ አንድ አየር ይጋሩ ወይስ መሃል ላይ ግድግዳ ይደረግ? እኔ ሁልጊዜ ግድግዳ ነው የምመክረው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ሳጥኑ እጥፍ ሆኖበት፣ የሞተውንም ኮን እያወዛወዘ ይቀራል፤ በዚህ ሰበብ ሁለተኛውም ይከተላል።

የሳጥን_አናጢ፦
ጀርባ ለጀርባ ላይ ግድግዳ ለማድረግ ስፋቱ በ34 ሴሜ አይበቃም፣ ባለ 18 ሚሜ ግድግዳ መሃል ሲገባ ከእያንዳንዱ ማግኔት ጀርባ የሚቀረው ከ5 ሴሜ በታች ይሆናል። በዚያ ላይ ግድግዳው ልክ መሃል ካልሆነ ሁለት የተለያየ ሊትር ይሆናል።

ኦም_ሜትር፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እንደ አገናኙ ነው። በፓራለል ሁለቱም እኩል ቮልት ስለሚያገኙ በጋራ አየርም በግድግዳም ይሠራሉ። በሲሪስ ከሆነና ሁለቱ ክፍሎች 3 ወይም 4 ሊትር ከተለያዩ፣ የኢምፒዳንሳቸው (በየሄርዙ የሚለዋወጠው ኦማቸው) ጫፍ የተለያየ ሄርዝ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ቮልቱ በሁለቱ መካከል እኩል አይከፈልም፣ አንዱ ከሌላው አብልጦ ይሄዳል፣ ጉዞው ያለቀበት ቀድሞ ይንኳኳል። ስለዚህ ግድግዳ የሚያደርግ ሰው ሊትሮቹን እኩል ማድረግ አለበት፣ ሞራሌውንም ተርሚናሉንም ጭምር ቆጥሮ። ለዚህ ሳጥን፣ በፓራለል፣ በ160 ዋት፣ የጋራ አየር ይበቃል።

የጋራ አየር አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ አየር ማፍሰሱን በእጅ ትፈትሻለህ። አምፑን ነቅለህ አንዱን ኮን በሁለት እጅህ ጣቶች ከጠርዙ አካባቢ እኩል፣ በቀስታ ተጫን። ሌላው ወደ ውጭ መውጣት አለበት፣ እስካልለቀቅህም ድረስ እዚያው መቆየት አለበት። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ ቦታው ከተመለሰ የሆነ ቦታ ያፈስሳል፤ ብዙ ጊዜ ተርሚናሉ ነው፣ ወይም የዉፈሩ ጋስኬት።

ሰላም_ኤሌክትሮ፦
ለማፍሰሱ ሲሊኮን የምትቀቡ ሰዎች፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ መዳብና ስታኞ ይበላል። ቀብታችሁ ሳጥኑን ክፍት አድርጋችሁ ሽታው እስኪጠፋ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ነው ዉፈሩ የሚገባው። ሽታ የሌለው ዓይነት ከተገኘ እሱ ይሻላል።

ውስጡ የሚሞላው ጥጥ በሊትር ከ8 እስከ 10 ግራም የትራስ ፖሊስተር ይሁን፤ ለ58 ሊትር ግማሽ ኪሎ ገደማ። ተበትኖ እንጂ ተጨፍልቆ አይደለም፣ ማግኔቱ ቀዳዳ ላይም እንዳይደፈን። ለዝግ ሳጥን ነው ይሄ።

ጠባቡ_ታወር፦
ውይይቱን ላለማወክ፣ ግን ጥያቄዬ ቅርብ ስለሆነ ነው። እኔ የምሠራው ታወር ነው፦ ሁለት ባለ 6.5 ኢንች ዉፈር 8 ኦም፣ አንድ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር)፣ የውስጥ ቁመቱ 100 ሴሜ፣ የፊቱ ስፋት 20 ሴሜ። ክሮስኦቨሩ (ድምፁ ከዉፈሮቹ ወደ ትዊተሩ የሚያልፍበት) 2,000 ሄርዝ። ሁለቱን ዉፈሮች ከትዊተሩ ሥር አጠጋግቼ ልደርድር ወይስ አንዱን ወደ ታች ላውርድ?

ኦም_ሜትር፦
ያንተ ሌላ ታሪክ ነው። እስከ 2,000 ከወጡ አቀማመጡ በጆሮ ይሰማል። በ2,000 ሄርዝ ሞገዱ 17 ሴሜ ነው። ሁለት ዉፈር በ18 ሴሜ ርቀት አንድ ድምፅ ሲያወጡ፣ የርቀታቸው ልዩነት ግማሽ ሞገድ በሚሆንበት ማዕዘን ላይ ይጣፋሉ። ከላይ እስከ ታች ስለተደረደሩ መጣፋቱ ወደ ጣሪያና ወደ ወለል ነው፤ ጎን ለጎን ብታደርጋቸው ኖሮ ግን ሶፋው ላይ ይወድቅ ነበር። ለምሳሌ በ28 ሴሜ ርቀት ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ዉፈሮች በ800 ሄርዝ 50 ዲግሪ ላይ፣ በ1,500 ሄርዝ 24 ዲግሪ ላይ ድምፃቸው ይጠፋል። መሃል የተቀመጠው ይሰማል፣ ጠርዝ ላይ ያለው ሌላ ነገር ይሰማል።

ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ትዊተሩን በሁለቱ ዉፈሮች መሃል ማድረግ ነው፤ ጆሴፍ ዳፖሊቶ በ1983 ያቀረበው አቀማመጥ። ማዕከል ለማዕከል ያለውን ርቀት በተቻለ መጠን ማሳነስና ክሮስኦቨሩን ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል፤ ትልቅ ፊት ያለው ትዊተር እዚህ ጋ ያስቸግራል። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጥልህ፣ ባለ ሁለት ተኩል መንገድ የሚባለው ነው። የላይኛው ዉፈር እስከ 2,000 ይሄዳል፣ የታችኛው ከ300 ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ በኮይል ይቆረጣል። ባለ 8 ኦም ዉፈር ስለሆነ 4 ሚሊ ሄንሪ ገደማ ተነስተህ ማስተካከል ነው። 20 ሴሜ ጠባብ ፊት ከ600 ሄርዝ በታች ድምፁን ወደ ኋላም ስለሚያፈስ ታች ያለው ይሳሳል፤ የታችኛው ዉፈር የሚሞላው ይሄንኑ ነው። ቤዙ ላይ ሁለቱ በፓራለል 4 ኦም ስለሚሆኑ አምፑን እይ።

አሁን ቁመቱን። 100 ሴሜ ታወር ውስጥ አየሩ ራሱ በ171 ሄርዝ፣ በ343፣ በ514 ይጮሃል። ዉፈሮቹን ከላይ 25 ሴሜና ከታች 25 ሴሜ ላይ ብታስቀምጣቸው፣ የ171ኛውን ሁለቱ ከተቃራኒ ጫፍ እኩል ስለሚገፉት ይጣፋል፤ 343ቱ ደግሞ ልክ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ግፊቱ ዜሮ ስለሆነ አይነሳም። ትዊተሩን ከላይ 10 ሴሜ ላይ ብታደርገው ከላይኛው ዉፈር ማዕከል በ15 ሴሜ ይርቃል፣ ከአንድ ሞገድ ያነሰ ነው። 514 ላይ የታችኛው ዉፈር ስለተቆረጠ ረዳት የለህም፤ ለእሱና ለተረፈው ሁሉ የታወሩን መሃል በጥጥ ሙላው፣ የ171ኛው አየር አብልጦ የሚሮጠውም እዚያ ነው።

ጠባቡ_ታወር፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ልኬቱ ይመጥነኛል። የታችኛውን የሚቆርጠው ኮይል ከትዊተሩ ኮይል አጠገብ ቢሆን ችግር አለው?

ሰላም_ኤሌክትሮ፦
አለው፣ ሁለቱ አንዱ ለሌላው ትራንስፎርመር ይሆናሉ። አንዱን አስተኝተህ ሌላውን አቁመህ፣ ቢያንስ 10 ሴሜ አራርቃቸው። ከዉፈሩ ማግኔትም አርቅ።

ድንኳን_ሳውንድ፦
ለሰርግ ድንኳን የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄው ስህተት በትልቁ ይደገማል። ሁለት ሳብ (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ይዘው አንዱን ከመድረኩ ግራ፣ አንዱን ቀኝ በ6 ሜትር ርቀት ያቆማሉ። መሃል መተላለፊያው ላይ ቤዙ ያንቀጠቅጣል፣ 21 ዲግሪ ወደ ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ 80 ሄርዝ የለም። ያኔ ቮልዩም ይጨመራል፣ መሃል ያሉት ይማረራሉ፣ አምፑም ይግላል። ሁለቱን አጠጋግታችሁ መድረኩ ፊት መሃል ላይ አድርጓቸው፤ ለ100 ሄርዝ በማዕከሎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከ1.7 ሜትር እንዳይበልጥ። በሙዚቃ ቤት ዕይታው አያምርም የሚል ባለቤት አለ፣ ድምፁን ሲሰማ ይተወዋል።

ባለ10_ኢንች፦
ጀርባ ለጀርባ፣ ዝግ፣ 58 ሊትር ወሰንኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ቱቦ ባደርግበት ኖሮ ምን ያህል ይሆን ነበር? ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር እውነት መሆኑን በምን ላረጋግጥ? መርካቶ ላይ አንዱ ዕቃ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዞ አይቻለሁ።

ኦም_ሜትር፦
ቱቦው፦ ለዚህ ዉፈር አዲስ አበባ ላይ ለአንዱ 65 ሊትር፣ ለሁለቱ 130፣ ቅኝቱ 28 ሄርዝ። በተለመደው 110 ሚሜ የፒቪሲ ቱቦ፣ ውስጡ 10.4 ሴሜ ከሆነ፣ ሁለት ቱቦ እያንዳንዱ 42 ሴሜ። አንድ ቱቦ ብቻ ቢሆን 17 ሴሜ ይበቃዋል፣ ግን ለሁለት ኮን የሚሆን አየር በአንዱ ሲያልፍ ያፏጫል። ቱቦዎቹ ራሳቸው 8 ሊትር ይበላሉ፣ ዉፈርና ማጠናከሪያ ሲጨመር ጠቅላላው 145 ሊትር። ትርፉ ከ50 ሄርዝ በታች ያለው ነው፣ ያም ትርፍ እውነተኛ ነው። ግን ከ28 በታች ኮኑን የሚይዘው ነገር የለም፤ ከ25 ሄርዝ በታች የሚቆርጥ ፊልተር ከሌለህ ኤክስማክሱ በፊልም ላይ ያልቃል። ለኮንዶሚኒየም አልመክርህም።

ሰላም_ኤሌክትሮ፦
ወረቀቱን ለማረጋገጥ፣ ዉፈሩን ከሳጥን ውጭ በአየር ላይ ያዝ፣ ከአምፑ ጋር በመካከል 1,000 ኦም ሬዚስተር አስገባ። በስልክ የሄርዝ አፕ ከ20 እስከ 60 ቀስ ብለህ ሂድ፣ በዉፈሩ እግሮች ላይ ያለው የኤሲ ቮልት ከፍ የሚልበት ኤፍኤስ ነው። አዲስ ዉፈር ገና ስላልፈታ ጥቂት ሄርዝ ከፍ ሊል ይችላል፤ በ20 ሄርዝ በዝቅተኛ ቮልዩም ጥቂት ሰዓት ካሠራኸው በኋላ ለካ።

ከዚያ በኮኑ መሃል ዙሪያ 40 ግራም የልጆች ፕላስቲሲን በእኩል ለጥፍ፤ ግራሙን ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አረጋግጥ። ኤፍኤሱ ከ30 ወደ 23.7 ከወረደ፣ 30ን ለ23.7 አካፍለህ በራሱ አባዝተህ 1 ቀንስ፤ 0.6 ነው። 40ን ለ0.6 ስታካፍል የሚንቀሳቀሰው ክፍል 66 ግራም ይወጣል፣ ወረቀቱ ልክ ነው ማለት ነው። ወደ 20 ከወረደ ግን ኮኑ 32 ግራም ብቻ ነው፣ ያ ሌላ ዉፈር ነው፤ ቪኤኤሱም እጥፍ ስለሚሆን 58 ሊትሩ ይጠበዋል፣ እንጨት ሳታስቆርጥ እንደገና አስላ። ሁለቱንም ዉፈሮች ለካ። በመካከላቸው ያለው የኤፍኤስ ልዩነት ከ2 ወይም 3 ሄርዝ ካልበለጠ በፓራለል አብረው ይሄዳሉ።

የሳጥን_አናጢ፦
ስታስቀምጠው ደግሞ ከሁለቱም ጎን ቢያንስ 10 ሴሜ ከግድግዳና ከሶፋ ይራቅ፣ መጋረጃም ኮኑ ላይ አይረፍ። ላስቲክ እግር አድርግለት። አንድ ነገር ግን አትሳት፦ ሳጥኑ ባይንቀጠቀጥም በአየር የሚሄደው ቤዝ ጎረቤት ጋ መድረሱ አይቀርም። ጀርባ ለጀርባው የሚያስቀረው በወለሉ የሚተላለፈውን ብቻ ነው።

ባለ10_ኢንች፦
ገባኝ። አንዱ 30.5፣ ሌላው 31.2 ሄርዝ ነው፤ በ40 ግራሙ ወደ 24.1 እና ወደ 24.6 ወረዱ።

ሰላም_ኤሌክትሮ፦
66 ግራም አካባቢ ነው ሁለቱም። ቁረጠው።